ትንሿ ካቻቢቴ፦ የሰዓት ሥራ መሣሪያዎችን ስለማደስና ስለመሥራት



የአንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት ጀርባ ሲከፈት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ የሚያየው ጥርሶቹን አይደለም፤ የብሎኖቹን ራስ ነው። ጥሩ ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ የእያንዳንዷ ብሎን ራስ እንደ መስተዋት የለሰለሰ፣ መሐሏ ላይ ያለው ስንጥቅም ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ስንጥቁ ተቦጭቆ፣ ዙሪያው ተጭሮ ከተገኘ ግን ከዚህ በፊት ምን ዓይነት እጅ እዚያ እንደገባ ይናገራል። ይህን ጉዳት ያደረሰው ዘመን አይደለም፤ ዝናብም አይደለም። በልኩ ያልተሞረደ ካቻቢቴ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች ካቻቢቴና ስለ ዘመዶቿ ነው። ዶርም ውስጥ ትንሿን ሞርሳ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስሬ የብረት ብናኝ ስጠርግ ያያችሁኝ ወንድሞች "ሰዓት ጥገና ጀመርክ እንዴ?" ትሉኛላችሁ። መልሱ ግማሽ አዎ ነው። አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው በሰዓቱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱን በሚነካው መሣሪያ ላይ ነው፤ ዝገት የበላውን አሮጌ መሣሪያ ማደስ፣ ያላገኘሁትን ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት መሥራት። በሌላው ዓለም ብዙ ሰዎች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ለደስታቸው የሚሠሩት ነገር ነው። እኛም ዘንድ ሊሠራ የሚችል፣ ወጪው ትንሽ፣ ትምህርቱ ብዙ የሆነ ሥራ ነው ብዬ ስለማምን ነው የጻፍኩት።

"ስልክ አዛን እያሰማ በሞላ የሚሠራ ሰዓት ምን ያደርጋል?" ለሚለኝ ሰው ብዙ አልከራከርም። ሶላት ለመጠበቅ ስልኩ ይበቃል። ነገር ግን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በብዙ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች ውስጥ ያለው ሚዛን ጎማ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፤ በቀን 432,000 ጊዜ ማለት ነው። ሰዓቱ በቀን 1 ደቂቃ ቢሳሳት "ተበላሸ" እንላለን፤ ስህተቱ ግን ከ1,440 አንድ እጅ ብቻ ነው። ሚዛን ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ ጫፎቹ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወፍራሉ፤ ከራስ ፀጉር ብዙም አይርቁም። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የሚያርፍ መሣሪያ "ይሁን፣ ይበቃል" የሚባል ነገር የለውም።

በካቻቢቴዋ እንጀምር፤ ሁሉም የሚንቃት እሷን ነውና። የሰዓት ካቻቢቴ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ጀምሮ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምላጩ ስፋቱ ከብሎኗ ራስ ጋር እኩል ወይም በጣም በትንሹ የሚያንስ መሆን አለበት። ከበለጠ ዙሪያውን ይጭራል። ካነሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ስታቲክስ ነው። ብሎኗን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው የማዞር ኃይል ያው አንድ ነው፤ የምላጩ ስፋት በግማሽ ካነሰ ግን በሁለቱ ማዕዘኖች ላይ የሚያርፈው ግፊት እጥፍ ይሆናል። ስንጥቁ የሚቦጨቀው እዚያ ላይ ነው። ውፍረቱም እንደዚሁ ነው። ምላጩ ከወፈረ ወደ ስንጥቁ ሳይገባ ከንፈሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሲዞር ይወጣና ሰዓቱ ላይ ይንሸራተታል። እንደ ቢላ ከሾለ ደግሞ ጫፉ ወለሉን ይነካል፣ ጎኖቹ ግን ምንም አይነኩም፤ ይወዛወዛል። ትክክለኛው ምላጭ ሁለቱ ገጾቹ ጫፉ አካባቢ ጎን ለጎን እኩል የሚሄዱ፣ ጫፉም በቀጥታ የተቆረጠ ነው።

ታዲያ አዲስ የተገዛ ካቻቢቴ ለምን ይሞረዳል? አምራቹ የእናንተን ብሎን ስለማያውቅ ነው። ከስዊዘርላንድ ሌ ሎክል የሚመጣው የቤርዦን ካቻቢቴ እንኳ ጥሩ ብረት ይሰጣችኋል እንጂ የመጨረሻውን ልክ አይሰጣችሁም። ልምድ ያላቸው ሰዓት ሠሪዎች ምላጩን በመሳያ ድንጋይ ላይ ለያዙት ሥራ ያስተካክሉታል። በሰፈራችን መስጂድ አጠገብ በትንሽ የመስታወት ሳጥን ኋላ ተቀምጠው ሰዓት የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። መጀመሪያ ሰዓት ይዤ ስሄድ ሰዓቱን አላዩትም። "አንተ ልጅ፣ ካቻቢቴህን አሳየኝ እስቲ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። በማጉያ መነጽራቸው አዩና ድንጋያቸው ላይ አራት አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርገው መለሱልኝ። "አሁን ክፈት" አሉ። ከዚያ ወዲህ "ሐጂ፣ ይህን ይዩልኝ" እያልኩ የሠራሁትን ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚያስተምሩኝ በብዙ ንግግር አይደለም።

እዚህ ላይ ደረሳ ሳለሁ የቀራሁት የኢጃራ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። ሰው ዕቃውን ለባለ እጅ ሰጥቶ ዕቃው እዚያ ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ዑለማዎቹ ተለያይተውበታል። በማሊኪዮች ዘንድ ባለ እጁ ያለ ጥፋቱ እንደሆነ ማስረጃ ካላቀረበ ይከፍላል። በሐነፊይ መዝሀብ ልብስ አጣቢ ልብሱን ሲደበድብ ቢቀድደው፣ ማለትም ጉዳቱ ከራሱ ሥራ ከመጣ፣ ይከፍላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን የደፋው አቋም ደግሞ ዕቃው በእጁ አማና ነው፤ ወሰን ካላለፈ አይጠየቅም የሚል ነው። ወሰን ካለፈ ወይም ቸል ካለ ግን መክፈሉ ላይ ሁሉም ይስማማሉ። ታዲያ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ የሰውን የአባት ቅርስ ሰዓት መክፈት ቸልተኝነት አይደለም? ለኔ ነው ይመስለኛል። ፈትዋ አይደለም፤ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ወላሁ አዕለም። ግን ሰዓት አልጠግንም፣ መሣሪያ ብቻ ነው የምሠራው ለሚል ሰው እንኳ ነገሩ ከእጁ እንደማይወጣ አሳስቦኛል፤ የሠራው መሣሪያ የሚያርፈው በሰው ንብረት ላይ ነውና።

አሁን ወደ ብረቱ። መሣሪያ ለመሥራት የሚሆነው ብረት ካርቦኑ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ አረብ ብረት ነው። የግንባታ ፌሮ አይሆንም፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢያግሉትና ቢነክሩት በሚፈለገው ደረጃ አይጠነክርም። ጥሩው ምንጭ ያረጀ ሞረድ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን የሚመለስ አይመስለኝም። የልብስ መስፊያ መርፌም ለትንንሽ ምላጭ ይሆናል። የተሰበረ የትራፓኖ ፑንታ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ብረት ነው፤ ጥንካሬውን እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ስለሚይዝ በሞረድ አይበላም፣ በድንጋይ መሳል ብቻ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ቁራጩን የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ አስነኩት። ካርቦን የበዛበት ብረት ብልጭታው ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይፈነዳል፤ ፌሮ ግን ረጅም መስመር ይሠራል እንጂ ብዙም አይፈነዳም።

ሞረድ በራሱ ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ መለዘብ አለበት። ከሰል ምድጃ ላይ እስኪቀላ ይግላል፣ ከዚያ ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለዝባል፤ ጠዋት ሌላ ሞረድ ይበላዋል። በሱረቱ ሰበእ ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንደተለዘበላቸው ተነግሮናል። ያ ሙዕጂዛ ነው፤ እኛ እሳትና ትዕግሥት ያስፈልገናል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ወዲያው ተከትሎ የመጣው ትእዛዝ ስለ ልክ መሆኑ ነው፤ የጥሩሩን ቀለበቶች እንዲመጥኑ።

ከለዘበ በኋላ ቅርጹ ይወጣል። ከዚያ ማጠንከር። ቁራጩ ደማቅ ቀይ እስኪሆን፣ 780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ፣ ይግላል። ቴርሞሜትር የለንም፤ ማግኔት ግን አለ። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ማግኔቱ እንቢ ሲል ጥቂት ጨምራችሁ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ትነክራላችሁ። ጋደም ብሎ ከገባ አንዱ ጎን ቀድሞ ይበርድና ይጣመማል። ደጅ ይሠራ፤ ዘይቱ ሊቀጣጠል ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይኑር። ከወጣ በኋላ ሞረድ ቢያሳልፉበት እንደ መስታወት ያንሸራትታል። እንደ መስታወትም ይሰበራል፤ መሬት ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከጥንካሬው ጥቂቱ ተመልሶ ይወሰዳል፤ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ቁራጩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይጠረጋል። አሮጌ የብረት ማንኪያ ውስጥ የነሐስ ብናኝ ይደረጋል፣ ቁራጩ በላዩ ይተኛል፣ ማንኪያው በኩራዝ ወይም በቡታጋዝ ነበልባል ላይ ይያዛል። ብናኙ ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ብረት ቀለም ማውጣት ይጀምራል። 220 ዲግሪ ላይ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ፣ 240 ላይ ጠቆር ያለ ቢጫ፣ 255 አካባቢ ቡናማ፣ 275 ላይ ሐምራዊ፣ 300 ሲጠጋ የሚያምር ሰማያዊ። ቀለም የተቀባው ማንም የለም። ብረቱ ላይ የሚሠራው የኦክሳይድ ሽፋን እጅግ ቀጭን ስለሆነ ብርሃን ከላዩና ከሥሩ ተመልሶ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ወይም ያጎላዋል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን እንደሚያሳየው ቀለም ማለት ነው። በጥሩ ሰዓቶች ውስጥ የምታዩዋቸው ሰማያዊ ብሎኖችም በጥንቱ መንገድ ከተሠሩ ሰማያዊነታቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

ቀለሙ የጥንካሬው መለኪያ ነው። ብረት የሚቆርጥ ስለት ፈዛዛ ቢጫ ላይ ይቆማል፤ ጠንካራ ይሁን፣ ትንሽ ቢሰበርም ይሳላል። የካቻቢቴ ምላጭ ግን ይጠመዘዛልና ከሐምራዊ እስከ ሰማያዊ ድረስ ይሂድ። ከሰማያዊ ካለፈ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ በጣም ይለዝባል፤ መፍትሔው ከማጠንከር እንደገና መጀመር ነው። ጊዜውም ቀለሙን ይለውጣልና እሳቱ ቀስ ይበል። የቁሳቁስ ሳይንስ ኮርስ ላይ በግራፍ ያየነው ማርቴንሳይት የሚባለው ነገር እዚህ ማንኪያ ላይ ተኝቶ ቀለም ሲቀይር ማየት ፈተናውን ቢያንስ ለኔ አቅልሎልኛል።

አሮጌ መሣሪያ ማደስ ከመሥራት ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው የዛገ መሣሪያ ሲያገኝ የመጀመሪያ ስሜቱ እስኪያበራ መፋቅ ነው። አይሁን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "የዚህ መሣሪያ የሥራ ገጽ የትኛው ነው?" የሚለው ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ልኩን የተሸከመ አንድ ወይም ሁለት ገጽ አለው። የተቀረው እጀታ ነው፣ አካል ነው፤ ቢጠቁርም ግድ የለም። በሥራ ገጹ ላይ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ያስነካ ሰው መሣሪያውን አላደሰም፤ አሳምሮ ገድሎታል። እኔ መጀመሪያ ላምባ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አስተኛዋለሁ። ከዚያ ዝገቱን በነሐስ ቁራጭ እፍቃለሁ፤ ነሐስ ከጠነከረው ብረት ስለሚለዝብ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭርም። ለቀረው የብረት ሱፍና ዘይት ይበቃል። በሶዳና በባትሪ ቻርጀር ዝገት የሚያስለቅቁም አሉ፤ ዝርዝሩን ለኬሚካል ምህንድስና ወንድሞችና እህቶች እተወዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በሌላኛው ምሶሶ የማይዝግ ብረት አትጠቀሙ፣ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ሊወጣ ይችላል፤ የሚወጣውም ጋዝ ሃይድሮጅን ስላለበት ክፍት ቦታ ይሠራ።

ወረንጦ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሐገር ቤት እሾህ የምናወጣባት ወረንጦና የሰዓት ወረንጦ አሠራራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። የሁለቱ ክንፎች ጫፍ መጀመሪያ መገናኘት አለበት፤ ጫን ሲሏት ግንኙነቱ ወደ ኋላ ይሰፋል። ጫፏ የተጣመመ ወረንጦ ተቃራኒውን ታደርጋለች፦ ሲጫኗት ጫፏ ይከፈትና የያዘችውን ትንሽ ብሎን ታስፈነጥራለች። ዶርም ውስጥ የተፈናጠረች ብሎን የት እንደምትገባ አላህ ነው የሚያውቀው። ስትጠገን ቀድሞ ውስጧ በደቃቅ ድንጋይ እኩል ይደረጋል፣ ከዚያ ክንፎቹ ተጋጥመው በውጭ በኩል አንድ ላይ ይሳላሉ። ማግኔት ከያዛት ደግሞ ከንቱ ናት። ማግኔቱ እንደ ፀጉር ወደ ቀጠነው ጥምዝ ሞላ ከተላለፈ የሞላው ጥምዞች ሊጣበቁና ሰዓቱ በጣም ሊቀድም ይችላል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የሽቦ ጥቅልል ውስጥ አሳልፎ ቀስ ብሎ ማራቅ ያጸዳታል።

ከዚህ ከፍ የሚለው ስቴኪንግ የሚባለው መሣሪያ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱን ግማሽ ምቶቹ ጠፍተው፣ ሳጥኑ ተሰብሮ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ሻጩ አላወቀም፤ በኪሎ ሊሸጠው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች የሚዞር ክብ ጠረጴዛ አለ፤ ዙሪያውን ከሰፊ እስከ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት። ከላይ አንድ ክንድ አለ፤ በውስጡ ምት የሚባለው የብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጫፉ ሹል በሆነ ምት የተፈለገው ቀዳዳ ልክ መሐሉ ይገኛል፣ ጠረጴዛው ይቆለፋል፣ ከዚያ ሹሉ ወጥቶ የሥራው ምት ይገባል። አሁን ከላይ በትንሽ መዶሻ የሚመታ ሁሉ ከቀዳዳው መሐል አይወጣም። የሚዛን ጎማ ዘንግ ከጎማው ጋር የሚጣበቀው፣ የላላ ጥርስ የሚጠብቀው በዚህ ነው። ያለ እሱ የሚመታ መዶሻ በእጅ ግምት ነው የሚመታው፤ ግምት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር አያውቅም።

የመሣሪያው ነፍስ እንግዲህ በምቱና በክንዱ ቀዳዳ መካከል ያለው መስማማት ነው። ጥሩ ምት ዘይት ተቀብቶ ቀዳዳው አናት ላይ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲነቀንቁት ግን አይወዛወዝም። የጠፉትን ምቶች ስሠራ ቶርኖ ቤት ውስጥ ዘንጉን ከሚፈለገው በ2 ወይም 3 መቶኛ ሚሊ ሜትር አስወፍሬ አስቆርጬ፣ የቀረውን በእጅ አወርደዋለሁ። ትንሽ የነሐስ ቀለበት በስቼ፣ በዘይት የተለወሰ ኤመሪ የሚባል የድንጋይ ዱቄት እቀባለሁ፣ ዘንጉን በቀለበቱ ውስጥ እያዞርኩ ወዲያና ወዲህ አስኬዳለሁ። ዱቄቱ ለስላሳው ነሐስ ውስጥ ይቀመጥና ጠንካራውን ብረት ይበላል። ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ስለሚነካ ዘንጉ እየቀጠነ ብቻ ሳይሆን እየከበበም ይሄዳል። ይህን በራሱ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሚያደርግ ሰው ግን ምቱን ሳይሆን መሣሪያውን ይበላዋል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ኢስማዒል አል-ጀዘሪ በዲያርበኪር በአርቱቂዮች ቤተ መንግሥት ያገለገለ መሐንዲስ ነበር፤ የረቀቁ መሣሪያዎችን የሚመለከተውን ታላቅ ኪታቡን የጨረሰው በ602 ዓመተ ሂጅራ፣ 1206 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምናሳየው የዝሆን ሰዓቱን ሥዕል ነው። ለኔ ግን የሚበልጠው ሥዕሉ ሳይሆን የአሠራሩ ዝርዝር ነው። የውኃ መዝጊያውን ክዳንና መቀመጫውን ውኃ እስከማያሳልፉ ድረስ በኤመሪ ዱቄት እርስ በርስ ማፋተግ እንደሚገባ ጽፏል። ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ስለማስተካከል፣ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ስለማቅለጥ ጽፏል። ሌላ ባለ እጅ አንብቦ ሊሠራው እንዲችል ነው የጻፈው። የኛ የቀድሞ ሥልጣኔ ሲነሳ በኩራት ብቻ አልፈን የምንሄደውን ያህል ቀለበትና ኤመሪ ይዘን ብንቀመጥ የሰውዬውን ቋንቋ የበለጠ እንረዳው ይመስለኛል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጥርስና በሞላ ስለሚሠሩ ሰዓቶች ኪታብ የጻፈው ተቂዩዲን፣ ሁለቱም ከስሌቱ ባሻገር መሣሪያውን ራሱን የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ።

አሁን የያዝኩት ሥራ የደጋን ቶርኖ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር የሰዓት ቶርኖ ለተማሪ ዋጋው አይቀመስም። ከሱ በፊት ግን ሰዓት ሠሪዎች ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚህ ነው። ሞርሳ ላይ የሚታሰር አንድ የብረት ዘንግና በላዩ የተተከሉ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሹል ጫፎች፤ ይኸው ነው። ሥራው በሁለቱ ጫፎች መካከል ይቀመጣል፣ ትንሽ መዘውር ይታሰርበታል፣ በመዘውሩ ላይ የደጋኑ ገመድ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል። ግራ እጅ ደጋኑን ወደ ታች ሲስብ ሥራው ወደ ሠራተኛው ይዞራል፤ ቀኝ እጅ የያዘው ግሬቨር የሚባል ሹል መሮ የሚቆርጠው ያኔ ብቻ ነው። ደጋኑ ወደ ላይ ሲመለስ መሮው በጥቂቱ ይነሳል። ደጋኑን ከቀርከሃ ስንጣሪ ሠርቼዋለሁ፤ ለገመዱ እንደ ማሲንቆ ያለ የፈረስ ጭራ ያገለግላል።

ኋላ ቀር ይመስላል፤ ግን አስቡበት። በሞተር ቶርኖ ላይ ሥራውን የሚያዞረው ዘንግ በራሱ ማቀፊያ ውስጥ ይዞራል፤ ማቀፊያው ትንሽ ከተበላ ስህተቱ ሁሉ ወደ ሥራው ይተላለፋል። በደጋን ቶርኖ ላይ ጫፎቹ አይዞሩም። የሚዞረው ሥራው ብቻ ነው፣ በራሱ ሁለት ጫፎች ላይ። የተቆረጠው ሁሉ ከእነዚያ ጫፎች ጋር አንድ መሐል ይኖረዋል፤ በሰዓቱም ውስጥ የሚዞረው በጫፎቹ ነው። ትልቁ ጥያቄ ሁለቱ ሹል ጫፎች በትክክል ፊት ለፊት መተያየታቸው ነው። እኔ እያስተካከልኩ ያለሁት ይህንን ነው፤ ጫፍ ለጫፍ አቅርቤ በማጉያ መነጽር አያለሁ፣ ዝቅ ያለውን አነሳለሁ፣ እንደገና አያለሁ። ሐጂ አይተውት "ገና ነው" ብለዋል።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ የሰዓትን ሁሉንም ክፍል ለማለት በሚያስችል ደረጃ በአንድ ወርክሾፕ በእጁ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተ። የጀመረው ግን በማደስ ነው፤ የሌሎችን አሮጌ ሰዓቶች፣ በተለይም የብሬጌን ሥራዎች፣ እየጠገነ ቆይቶ ነው ወደ መሥራት የተሻገረው። በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሰዓት አሠራር መጽሐፉም ስለ ወርክሾፕና ስለ መሣሪያ በሰፊው ይናገራል። እሱ የፈለሰፈውን ኮአክሲያል የተባለውን አሠራር ኦሜጋ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሸጣቸው ሰዓቶች ውስጥ አስገብቶታል።

መጀመር ለሚፈልግ የምመክረው ሰዓት ከመግዛት በፊት አንድ ያረጀ ሞረድ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ሁለት ዓይነት መሳያ ድንጋይ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማጉያ መነጽር መያዝ ነው። መጀመሪያ አንድ የካቻቢቴ ምላጭ ሥሩ። ከቆመ የጠረጴዛ ሰዓት ላይ ብሎን ፈትታችሁ እሰሩ፣ እንደገና ፍቱ፤ ከሃያ ጊዜ በኋላ ስንጥቁን በመነጽር እዩት። ዓይናችሁን ከብናኝ የሚጠብቅ መነጽር ሳታደርጉ ድንጋይ አጠገብ አትቅረቡ። የእህቶች ዶርም ውስጥም ሁለት እህቶች መርፌ በማንኪያ እያቀለሙ እንደሆነ በወንድማቸው በኩል ሰምቻለሁ፤ ማሻአላህ፣ ከኛ ቀድመው ሰማያዊ ላይ ደርሰዋል ይባላል።

የተሠራውን ማስቀመጥ ሌላ ሥራ ነው፣ በተለይ በክረምት። ቆዳ ውስጥ የተጠቀለለ ብረት በቆዳው አሲድ ይዝጋል፤ ስፖንጅም እርጥበት ይይዛል። በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምትወጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሏት፣ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ትግባ። የጣት ላብ ብቻ በአንድ ሌሊት የጣት አሻራ በዝገት ሊያትም ይችላል። የውዱእ ውኃ ደግሞ ከላብ ይብሳል፤ ዐስር ሰግጄ ስመለስ መሣሪያ ከመንካቴ በፊት የምፈልገው ፎጣዬን ነው።